ተራ ኮምፒዩተር በራውተርነት፦ የርካሽነቱ ሒሳብ ሲመረመር

ኢንተርኔትን በትምህርት ቤቶች ለማዳረስ በታሰበ ቁጥር ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ከአገልግሎት ወጥቶ በንብረት ክፍል የተቀመጠን ተራ ኮምፒዩተር ወደ ራውተርነት መለወጥ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ኮምፒዩተሩ አለ፤ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይታደላል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለራውተር መግዣ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም።

አባባሉ ሐሰት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ጎዶሎ ነው። ርካሽነት የሚለካው በግዢው ዕለት ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ ሁሉ ከሒሳብ መዝገብ ወጥቶ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያም ሰው በአብዛኛው የኮምፒዩተር መምህሩ ነው። በመሆኑም ሐሳቡን ለመቀበልም ሆነ ለመጣል ከመወሰን አስቀድሞ፣ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ፣ የሚፈጀውን ኃይልና የሚጠይቀውን ዕውቀት ለየብቻ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

1. የሐሳቡ አመጣጥ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከመነሻው መመልከት ይበጃል። ብዙ ሰው ራውተርንና ኮምፒዩተርን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ዕቃዎች አድርጎ ያያቸዋል። ታሪካቸው ግን አንድ ነው። የዛሬው ኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሲዘረጋ፣ መልእክቱን ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ያሻግር የነበረው ሃኒዌል ዲዲፒ-516 የተባለ፣ ለዚሁ ተግባር እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የዚያው አገር ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የከፍተኛ ኮምፒዩተር ማዕከሎችን ያገናኘበት መረብ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ በየማዕከሉ በራውተርነት ያገለገሉት ዴቪድ ሚልስ ያዘጋጀው «ፈዝቦል» የተባለ ፕሮግራም የተጫነባቸው ኤልኤስአይ-11 የተባሉ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። መረቡ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ 1.5 ሜጋቢት ሲያድግም፣ መገናኛዎቹ የተሠሩት እርስ በርሳቸው ከተያያዙ የአይቢኤም አርቲ ኮምፒዩተሮች ነበር።

ለራውተርነት ብቻ የተሠራ ሣጥን በንግድ መልክ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 እንደ ተመሠረተው እንደ ሲስኮ ያሉ ድርጅቶች ገበያውን ከያዙ ወዲህ ነው። ሣጥኑም ቢሆን በውስጡ ሲታይ ማቀነባበሪያ፣ ማስታወሻና ፕሮግራም ያለው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ተራውን ኮምፒዩተር ራውተር ማድረግ አዲስ ብልሃት ሳይሆን፣ ወደ ቀድሞው አሠራር መመለስ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህን መመለስ የሚያመቻቹ ነፃ ሶፍትዌሮች በየጊዜው ተዘጋጅተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የታወቀው «ሊኑክስ ራውተር ፕሮጀክት» መላው ሥራው 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ላይ ይሰፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በማኑኤል ካስፐር የተጀመረው «ሞኖዎል» በተራ ተጠቃሚ ሊታዘዝ የሚችል ገጽታ ይዞ ቀረበ። ከእርሱም እ.ኤ.አ. በ2004 «ፒኤፍሴንስ» ተወለደ፤ ከዚህኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኦፕንሴንስ» ተገንጥሎ ወጣ። በሌላ በኩል ሊንክሲስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድ አነስተኛ ራውተሩን የፕሮግራም ምንጭ ይፋ ለማድረግ በመገደዱ፣ በዓመቱ «ኦፕን ደብሊውአርቲ» የተባለው ሶፍትዌር ሊጀመር ችሏል። የመጨረሻው በተራ ኮምፒዩተርም ሆነ በብዙ ዓይነት ትናንሽ ራውተሮች ላይ ሊጫን የሚችል መሆኑ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ ለትምህርት ቤቶች ጉዳይ ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

2. መሣሪያው የሚሠራው ሥራ

ራውተር በሁለት መረቦች መካከል ቆሞ፣ ፓኬት የሚባሉትን የመረጃ ጥቅሎች መድረሻቸውን አይቶ ወደሚገባቸው አቅጣጫ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው። ተራ ኮምፒዩተር ለዚህ እንዲበቃ ሁለት የኔትወርክ መግቢያዎች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው ከውጭ ከሚመጣው መስመር ሞደም ጋር፣ ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ ስዊች ጋር ይያያዛል። ከማሳለፍ ሌላ አራት ተግባራት ይጠበቁበታል። አንደኛ፣ በውስጥ ላሉት ኮምፒዩተሮች አድራሻ ያድላል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ከውጭ የሚሰጠው አድራሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የሁሉንም ጥያቄ በዚያ አድራሻ ስም ልኮ መልሱን ለየባለቤቱ ያከፋፍላል። ናት የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበው፣ በ32 ቢት የሚጻፉት የኢንተርኔት አድራሻዎች በድምሩ ከ4.3 ቢሊዮን ስለማይበልጡ ያልቃሉ ተብሎ በመሰጋቱ ነው። ሦስተኛ፣ ከውስጥ ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ይከለክላል። አራተኛ፣ መስመሩ ሲጨናነቅ ተራ ያስይዛል።

በእነዚህ ተግባራት ተራው ኮምፒዩተር የማይናቅ ብልጫ አለው። ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ ራውተር ማስታወሻው ጠባብ በመሆኑ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሲገቡበት ሊዝልና ሊቆም ይችላል። ፒኤፍሴንስ ግን ለእያንዳንዱ ክፍት ግንኙነት የሚፈልገው ማስታወሻ ወደ 1 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ፣ 1 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ አሥረኛውን ለዚህ ቢመድብ እንኳ ወደ 100,000 የሚጠጉ ግንኙነቶችን ይይዛል። በ2010 አካባቢ የተሠራ የቢሮ ኮምፒዩተርም በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር ያለ ችግር ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተራ የማስያዙ ጉዳይ ነው። በቀጭን መስመር ላይ አንድ ተማሪ ትልቅ ቪዲዮ ማውረድ ሲጀምር የሌሎቹ ሥራ ወዲያውኑ ይጎተታል፤ ምክንያቱም ፓኬቶቹ በረጅም ሰልፍ ይከማቻሉ። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረቡት «ኮዴል» የተባለ ዘዴ፣ ፓኬቶች በሰልፉ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ እየለካ መጨናነቁን በጊዜው ይገታል። ዘዴው ከነተሻሻለው መልኩ በፒኤፍሴንስ፣ በኦፕንሴንስና በኦፕን ደብሊውአርቲ ውስጥ ይገኛል። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ የመስመር ፍጥነት ለመጨመር ተጨማሪ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት፣ ያለውን መስመር በሥርዓት የሚያስተዳድር መሣሪያ ይኖረው እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ይሁንና ሐሳቡን የሚደግፉ ወገኖች ዘወትር የሚደጋግሟቸው ሁለት ነጥቦች መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው ኮምፒዩተሩ የዋይፋይ አገልግሎትም ይሰጣል የሚለው ነው። በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚገጠም የዋይፋይ ካርድ ለተቀባይነት የተሠራ በመሆኑ፣ ብዙ ተማሪዎችን ለሚያስተናግድ አሠራጭነት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ የዋይፋይ ማሠራጫና ስዊች ለብቻ መገኘት አለባቸው፤ ወጪውም በዚሁ መጠን ከፍ ይላል። ሁለተኛው፣ አንድ ተማሪ የከፈተውን ገጽ ኮምፒዩተሩ ይዞ ለሌሎቹ ስለሚያቀርብ መስመሩ ይቆጠባል የሚለው ነው። ይህ በቀድሞው ጊዜ እውነት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው የኢንተርኔት ግንኙነት በምስጢር ቁልፍ ተዘግቶ ስለሚያልፍ፣ በመካከል ያለ መሣሪያ የሚያየውም ሆነ የሚያስቀምጠው ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። መስመር መቆጠብ የሚፈልግ ትምህርት ቤት፣ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን የሚያስነብበውን «ኪዊክስ»ን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ በውስጥ መረቡ ቢያቀርብ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

3. የኃይሉ ሒሳብ

የመግዣ ዋጋ የሌለው ዕቃ የማቆያ ዋጋ አለው። ሞኒተሩ ተነቅሎ የሚሠራ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር 70 ዋት ይፈጃል ተብሎ ቢታሰብ፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ በዓመት 613 ኪሎዋት-ሰዓት ይበላል። 8 ዋት የሚፈጅ አነስተኛ ራውተር በአንጻሩ 70 ኪሎዋት-ሰዓት ይበቃዋል። የሁለቱ ልዩነት 543 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ይህ በአንድ ትምህርት ቤት ቆጣሪ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል። አንድ ዕቅድ አውጪ በ100 ትምህርት ቤቶች ቢያባዛው ግን 54,300 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት ብቻ እንዲሠራ ቢደረግ ፍጆታው ወደ 140 ኪሎዋት-ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ በሳምንቱ መጨረሻና ትምህርት በማይኖርባቸው ሳምንታት የማጥፋት ልማድ ብቻውን ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ወጪ ያድናል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ ከወጪም ያልፋል። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሒሳብ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ለ8 ዋቱ ራውተር ይህ ለብዙ ሰዓታት የሚበቃ ስንቅ ሲሆን፣ ለ70 ዋቱ ኮምፒዩተር ግን በወረቀት ላይ ከ1 ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ በመለወጫው የሚባክነው ኃይልና የባትሪው እርጅና ሲታሰብ በተግባር ከዚያም ያንሳል። መብራቱ በድንገት በጠፋ ቁጥር በሃርድ ዲስኩ ላይ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል የመበላሸት ዕድል አለው። ከዚህ አንጻር አሮጌው የፍሎፒ አሠራር ከፍተኛ ብልህነት ነበረው፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ወደ ማስታወሻ ተገልብጦ ስለሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋም የሚበላሽ ነገር አልነበረም። ኦፕን ደብሊውአርቲም ዋና ፋይሎቹን ለንባብ ብቻ ክፍት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ወደዚሁ ባሕርይ ይቀርባል።

በዚህ ላይ አቧራ የሚዘጋው ማራገቢያ፣ የሚያረጀው የኃይል ማከፋፈያና የሚሽከረከረው ዲስክ አሉ። ዕድሜም ወሰን አለው። ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2017 ካወጣው 2.4 እትም ጀምሮ በ32 ቢት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችን መደገፍ አቁሟል። ስለዚህ «ማንኛውም አሮጌ ኮምፒዩተር ይሆናል» የሚለው አነጋገር ሲመረመር፣ «እጅግ ያላረጀ አሮጌ ኮምፒዩተር ይሆናል» ወደሚል ይጠባል።

4. የባለሙያው ጉዳይ

እስካሁን የተዘረዘሩት ወጪዎች በቁጥር ሊገለጹ የሚችሉ ናቸው። ከሁሉም የከበደው ወጪ ግን በቁጥር ሳይሰፍር የሚቀረው የሰው ጊዜና ዕውቀት ነው። ሶፍትዌሩን የመረጠ፣ የጫነ፣ የይለፍ ቃሉን ያበጀ፣ ገመዶቹን የዘረጋ አንድ መምህር አለ። መሣሪያው በሠራበት ዘመን ሁሉ የሥራው ድካም ከክፍለ ጊዜው ድልድል ውስጥ አይገባም፤ ሲበላሽ ብቻ ከክፍል ይጠራል። ይህ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ፣ ኮምፒዩተሩን በሞዴል 22 የተረከበው ሰው ዕቃውን እንጂ ዕውቀቱን አልተረከበም። በንብረት መዝገብ ላይ የሚገኘው «ኮምፒዩተር፣ ብዛት 1» የሚል ጽሑፍ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ የትምህርት ቤቱ መረብ በሙሉ መኖሩን የሚገልጽ ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም።

የሶፍትዌሮቹ ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሊኑክስ ራውተር ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቋርጧል። ሞኖዎልም ለ12 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 መስራቹ ሥራው ማብቃቱን አስታወቀ። ሆኖም የሞኖዎል ፍጻሜ ተጠቃሚዎቹን ሜዳ ላይ አልጣለም። ምንጩ ክፍት ስለነበረና ከእርሱ የተወለዱ ሌሎች ሥራዎች ስለነበሩ፣ መስራቹ ተከታዮቹን ወደ ኦፕንሴንስ ለመምራት ችሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በአንድ ሰው የተጀመረ ሥራ ከዚያ ሰው በኋላ የሚኖረው ተጽፎና ለሌላ ተላልፎ ከተገኘ ብቻ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እውነት የሆነው ለትምህርት ቤትም እውነት ነው።

ከዚህም ጋር የጥበቃ ጉዳይ አለ። ራውተር በትምህርት ቤቱና በውጭው ዓለም መካከል የቆመ በር ነው። በየጊዜው የሚወጣው ማሻሻያ ካልተጫነበት፣ የታወቁ ቀዳዳዎቹን ይዞ ይኖራል። በርካሽ የተተከለና ማንም የማይጠብቀው በር፣ በሩ ባይኖር ኖሮ ከሚደርሰው የበለጠ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ተጠብቄአለሁ ብሎ ይተማመንበታል።

5. ለትምህርት ያለው ዋጋ

እስከዚህ ድረስ የቀረበው ሒሳብ ሐሳቡን ወደ መጣል የሚያዘነብል ይመስላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ከቢሮ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚገኝ መሣሪያ አገልግሎት ከመስጠቱ ሌላ ሊያስተምር ይችላል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይትና በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሠራጨው ትምህርት በዚህ ረገድ ሊታወስ ይገባዋል። ሥርጭቱ ርቀትን በማሸነፍ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የትምህርቱ ፍጥነት ከሩቅ ተወስኖ ይመጣ ስለነበር፣ ተማሪው ባልገባው ስፍራ መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆም ወይም ሊደግም አይችልም ነበር። መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ ይኑር እንጂ ከክፍሉ ሥልጣን ውጭ ነበር። ማንም ሊከፍተው የማይችለው የተዘጋ ራውተርም በመጠኑ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲሠራ ይሠራል፣ ሲቆም ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል።

ተራው ኮምፒዩተር ይህን ርቀት ያጠባል። ስለ አድራሻ፣ ስለ ፓኬትና ስለ ናት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተነገረው ሁሉ በስክሪኑ ላይ በዓይን ይታያል። ተማሪው የራሱ ኮምፒዩተር የተሰጠውን አድራሻ በዝርዝሩ ውስጥ ያገኛል፤ አንድ ገጽ ሲከፍት ስንት ግንኙነቶች እንደሚፈጠሩ ይቆጥራል፤ የተራ ማስያዣው ሲዘጋና ሲከፈት የሚመጣውን ልዩነት በሰዓት ይለካል። ካርዱን ነቅሎ መልሶ ይሰካል። ስህተት ቢሠራ የሚበላሸው ለዚሁ የተመደበ አሮጌ ዕቃ ነው። ይህን የመሰለ የሙከራ ሥራ በገንዘብ ሲገመት፣ ከመሣሪያው የኤሌክትሪክ ወጪ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። የሚማሩበት ራውተርና መላው ትምህርት ቤት የሚተማመንበት ራውተር አንድ ከሆኑ፣ ሁለቱም ዓላማዎች ይጎዳሉ። በፈተና ምዝገባ ሰሞን መስመሩ እንዳይቋረጥ የሚፈራ መምህር ተማሪዎቹን ወደ መሣሪያው አያስጠጋም። ተማሪዎቹ በነፃነት የሚነካኩት ከሆነ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በየጊዜው ይቋረጣል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር የሚገባው ስፍራ በቅድሚያ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ዋና በር መሆን ያለበት ቀጥሎ የተመለከቱት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው።

6. ለዕቅድ አውጪዎችና ለትምህርት ቤቶች

ከላይ ከተደረገው ምርመራ የሚከተሉት መደምደሚያዎች ይገኛሉ።

ሀ. ተራ ኮምፒዩተርን በዋና ራውተርነት ማሠማራት የሚገባው ከአንድ የበለጡ መምህራን ሊያስተዳድሩት በሚችሉበት፣ ኤሌክትሪክም በአስተማማኝ ሁኔታ በሚገኝበት ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑም ለዚህ የሚያውሉት ሰዓት እንደ ሥራ ተቆጥሮ በድልድላቸው ላይ ሊታይ ይገባል።

ለ. ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ስፍራ፣ ኦፕን ደብሊውአርቲን ሊቀበል የሚችል አነስተኛ ራውተር መግዛት ከሁለቱም ወገን የተሻለውን ይሰጣል። ኃይል አይፈጅም፤ እንደ ተዘጋው ሣጥንም ከመምህሩ ዕውቀት የራቀ አይደለም። ሆኖም የሚገዛው ዓይነት ሶፍትዌሩን የሚቀበልና በቂ ማስታወሻ ያለው መሆኑ ከግዢው በፊት መረጋገጥ አለበት።

ሐ. የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ የመረቡ ሥዕል፣ የአድራሻዎቹ ዝርዝር፣ የተሰናዳው ቅንብር ግልባጭና እንደ ገና የመትከያው ቅደም ተከተል በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ተጽፎ ከንብረቱ ጋር እንዲቀመጥ፣ ርክክብ ሲደረግም አብሮ እንዲፈረምበት ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ሊቀመጥ ይችላል።

መ. የአንድ ራውተር ዋጋ በግዢ ሰነድ ሲቀርብ፣ ከመግዣው ጎን የአምስት ዓመት የኃይል ፍጆታና የጥገና ሰዓት አብረው እንዲሰፍሩ ቢደረግ፣ «ያለ ወጪ» እየተባለ የሚቀርበው ሐሳብ በትክክለኛ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ አሮጌው ኮምፒዩተር መንገድ አመልካች ሊሆን መቻሉ ከአርፓኔት ዘመን ጀምሮ በተግባር የተረጋገጠ ነው። የሚያጠያይቀው በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በማን እጅና በማን ወጪ የሚለው ነው። በመዝገብ ላይ ርካሽ ሆኖ በመምህሩ ጉልበት ላይ የሚኖር መሣሪያ፣ መምህሩ በሄደ ማግስት ውድ ይሆናል። ዕውቀቱ ተጽፎ፣ ሰዓቱ ተቆጥሮና ተተኪው ሠልጥኖ የሚሠራ መሣሪያ ግን፣ በንብረት ክፍል አቧራ ለብሶ ከሚቀመጥ ይልቅ ለአንድ ትውልድ ተማሪዎች የኢንተርኔትን ውስጠ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ዕቅድ አውጪው የመሣሪያዎቹን ቁጥር ከመወሰኑ በፊት የሚያስተዳድሯቸውን መምህራን ቁጥር ቢጠይቅ፣ የዕቅዱን ዕድሜ አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።